አቡጀዲ ከነቁልፉ

"ጨርቁ ብቻውን አይሸጥም" ይላል ወልደሰማያት፣ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ። ባንኮው ላይ ከአቡጀዲው ጎን የሸሚዝ ቁልፍና ክር ይደረድራል። "አብሮ የሚሄድ ዕቃ አብሮ ይሸጣል። አዲስ መመሪያ ነው።"

ባህሪያ ትሰማዋለች፤ ድምፁ ግን ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። ልጇ ሙሐዲን ጎህ ሲቀድ ሞቷል። የባሏ ወንድም ጀማለዲን መቃብር እያስቆፈረ ነው። ባሏ ሰሜን ዘምቷል፤ ማን ያርዳው? የጨርቅ መግዣ ኩፖኑ በስሟ ነውና ሌላ ሰው ቢልኩ አይሰጡትም፤ ስለዚህ ከልጇ ራስጌ ተነስታ መጥታለች። የነጋዴዎቹ የጨርቅ ሱቆች ከታሸጉ ቆይተዋል። ከዚህ ካልገዛች ሙሐዲን ለዐስር ሶላት አይደርስም።

"ለከፈን ነው" ትላለች።

"አላህ ያጽናሽ እህቴ። መመሪያው ግን ለዚህ ለዚያ አይልም። ጨርቅ የገዛ ያሰፋል፤ ያሰፋ ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ደግሞ ዓመት ሙሉ ተከምሮብናል።"

ያንን መመሪያ የጻፈው ሰው በዚህ አገር ሰው የሚሞት አልመሰለውም። ያውም በእነዚህ ዓመታት!

ከኋላዋ የቆሙት አሮጊት ጎረቤቷ መሪማ ሰልፉን ጥሰው ወደ ባንኮው ይጠጋሉ።

"ከፈን ይሰፋል እንዴ? አንተ፣ የእኛ ሰው ቁልፍ ቆልፎ ሲቀበር የት አየህ? የቀበሌ ስብሰባ ሊሄድ መሰለህ?"

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቅ ያመልጠውና በመዳፉ ያፍነዋል።

"እትዬ መሪማ፣ እርስዎ ተናግረው ይሄዳሉ። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"ማሎ፣ ልጄ፣ እለምንሃለሁ! አንድ ጊዜ ብቻ!"

"ብታሰር እስር ቤት መጥተው ይጠይቁኛል?"



"ይሁን፤ ከነቁልፉ ስጠኝ" ትላለች ባህሪያ። መናደድ እንዳለባት ታውቃለች። ንዴቱን ውስጧ ትፈልገዋለች፤ የለም። እጇም እግሯም የሌላ ሰው ሆኖባታል።

ወልደሰማያት ሜትሩን ያነሳል። "ቁመቱ ምን ያህል ነው?"

መዳፏን ዘርግታ ታሳየዋለች። መዳፏ ከባንኮው ጠርዝ ዝቅ ይላል።

ወልደሰማያት ከባንኮው በላይ አጎንብሶ እጇ የቆመበትን ያያል፤ ከዚያ ዓይኑን ይሰብራል። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ጨርቁን በጥንቃቄ ያጥፋል። ለብቻ ያስቀመጣቸውን ትልልቅ ቁልፎች አፍሶ ወደ ቆርቆሮ ጣሳው ይመልሳል።

"አላህ ይስጥህ!" ይላሉ መሪማ።

እሱ ግን ከመደርደሪያው ሌላ ቆርቆሮ ያወርዳል። ጣቱን ከቶ እያማሰለ ከውስጡ ትንንሾቹን ይለቅማል።

"ለልጅስ ይኼኛው ነው የሚሆነው" ይላል፣ ቀና ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰማያዊም አለ፤ ነጭም አለ። የቱን ላድርግልሽ?"

ባህሪያ ጎንበስ ብላ ቁልፎቹን ታያለች። ታስባለች።

"ነጩ ይሻለዋል" ትላለች።