የማደሪያው ፎም

ሀኒፋ ክብሪቱን ጫረች። ፎሙ ወዲያው ተያያዘ፤ ቀልጦ መሬት ላይ ሲንጠባጠብም መንደዱን አላቆመም። ጥቁሩ ጭስ አሳላት።

ቂሊንጦ አካባቢ በሚሠራው የወታደሮች ማደሪያ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ናት። አቅራቢው ከሊል ቀድሞ ያሳየው ናሙና እሳት አይይዘውም ነበር። ብርድና ሙቀት እንዲከላከል ግድግዳው ውስጥ ሊገባ የመጣው ግን ይኸው ነው።

“ማን አይቶሻል?”

ሻምበል አሻግሬ ነው፤ ሠራዊቱን ወክሎ ግንባታውን የሚከታተለው መኮንን።

“ማንም።”

“እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሪ።” የተረፈውን ፎም ከእጇ ተቀብሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። ታናሽ ወንድሟ ዑበይድ ወታደር ነው፤ ማደሪያው ሲያልቅ እዚያ ከሚገቡት አንዱ እሱ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቷ ገብታ እንኳ የፎሙ ሽታ ልብሷን የለቀቀ አይመስላትም።

ሻምበሉ በበኩሉ ሥራውን ያጓትታል። አንድ ቀን ክሬኑ ተበላሸ ይላል፤ ሌላ ቀን የመብራቱ መስመር አላለቀም። “እኔ ፈቃድ ስወጣ ፎሙን ሊያስገጥም እየጠበቀ ነው” አለች ሀኒፋ በልቧ።

አንድ ረፋድ ላይ ፎሙን ፒክአፕ ላይ ጭኖ በሸራ ሲሸፍን ደረሰችበት።

“የት ሊወስዱት ነው?”

“አትጠይቂኝ። ትንሽ ታገሺ።”

ማስረጃውን ሊያጠፋው ነው! በቀጥታ የሻምበሉ አለቃ ኮሎኔል ተስፋሚካኤል ቢሮ ገባች። የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

ኮሎኔሉ ሳያቋርጣት አዳመጠ። ውሃ አስመጣላት።

“ሌላ የሚያውቅ አለ?”

“ከሱና ከኔ በቀር ማንም።”

“ደግ አደረግሽ፣ ልጄ። ዛሬ እረፍት ውሰጂ፤ የቀረውን ለኔ ተዪው።”

ግቢው በር ላይ ስትደርስ ሁለት ወታደሮች ሻምበሉን ከፒክአፑ አስወረዱት። እሱም አያት።

“ሀኒፋ፣ ለማን ነው የነገርሽው?”

እርምጃዋን አፍጥና አለፈች። ታክሲ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ከፈተችና በረጅሙ አየር ሳበች። ዑበይድ ጋ ደወለች፤ ድምፁን ስትሰማ እንባዋ መጣ። “ምንም አይደል፣ ደህና ነኝ፤ ናፍቀኸኝ ነው” አለችው።

በዚያው ሰዓት ኮሎኔሉ የቢሮውን በር ዘግቶ ስልኩን አነሳ፤ “ከሊል፣ ፎሙን ላቦራቶሪ ሊወስድብን የነበረው ሰውዬ ተይዟል፤ በል ዛሬውኑ አስገጥም።”