የተቀመጥኩበት ገመድ

የልጅ ልጄ ናጊሳ ፔዳሉን ትመታለች፤ ዓሣዋ እየተንገዳገደች ከወደቡ ደረጃ ትላቀቃለች። ለዛሬው በእጅ የተሠሩ ጀልባዎች ውድድር ሦስት ወር ሙሉ ከአሮጌ ብስክሌትና ከነጭ የፎም ሣጥኖች የሠራቻት፣ ሆዷ የተነፋ ዓሣ የምትመስል ጀልባ ናት፤ እሾኾቿ ያገለገሉ ቾፕስቲኮች፣ የምግብ መብያ እንጨቶች ናቸው። ከጎኗ ግዙፍ ፍጅል የሚመስል ጀልባ፣ ከኋላዋ አራት ሰው የሚነዳው የማንቆርቆሪያ ጀልባ ውኃውን ያምሳሉ። ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል።

እኔ አላጨበጭብም። ግንቡ ጫፍ፣ የጀልባ ማሰሪያው ብረት አጠገብ፣ መከዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ከመከዳዬ ሥር ገመድ አለ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ እሷ ተኝታ ሳለች ነው ያሰርኩት፤ አንዱን ጫፍ ከዓሣዋ ሆድ ሥር፣ ሌላውን ከብረቱ። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ተወዳዳሪዎቹ ዞረውት የሚመለሱት ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት ጋ ሳትደርስ ያልቃል። ከቀዩ ወዲያ ባሕሩ ክፍት ነው፤ ልጅቷ ደግሞ አስም አለባት። በትምህርት ቤት የዋና ክፍለ ጊዜ በመጣ ቁጥር “ብርድ ይዟታል” ብዬ ደብዳቤ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ልብስ ደራርቤ ጠቅልዬ ነው የምልካት፤ ልጆቹ “የአያቷ ጥቅል” የሚሏት በዚያ ነው። ቀዩን ዞሬ ብመለስ ይኼ ስም ይቀርልኛል ብላ ነው የለፋችው። እያወቅኩ ነው ያሰርኩት።

“ልጅሽ እኮ እየመራች ነው፣ እትዬ ቶሜ!” ጎረቤቴ ኪኑዬ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

“ምንም አልደረበችም” እላለሁ።

ገመዱ ከሥሬ ይወጠራል። ዓሣዋ ቀጥ ትላለች። ናጊሳ ትመታለች፣ ትመታለች፤ ፈቀቅ የለም። ፍጅሉ ያልፋታል። ማንቆርቆሪያው ያልፋታል።

“ምነው? ዓሣዋን መንጠቆ ያዛት እንዴ?” ይላል የውድድሩ አስተዋዋቂ፣ ሽማግሌው ቶኩጂ፣ በድምፅ ማጉያው። ወደቡ በሳቅ ይደበላለቃል።

ናጊሳ እጇን ከሥር ሰድዳ ገመዱን ታወጣለች።

“ጥቅሏ ከነገመዷ መጣች!” ይጮኻሉ የክፍሏ ልጆች።

ቋጠሮውን ታያለች። የመረብ ቋጠሮ ነው። ግራኝ ስለሆንኩ የእኔ በተቃራኒው ይዞራል፤ በዚህ ወደብ እንዲያ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም። ቀና ብላ ወደ እኔ ታያለች። ዓይኔን ሰበር አድርጌ ጫማዬን አያለሁ።

“ማን ነው ያሰረሽ?” ይላል ቶኩጂ በማጉያው።

“እኔው ነኝ!” የናጊሳ ድምፅ ይቆራረጣል። “ትናንት ለሙከራ አስሬ መፍታቱን ረሳሁት!”

“ወይ ጉድ! ካፒቴን ማለት እንዲህ ነው!” ይላል ቶኩጂ።

ሳቁ ይብሳል። ይኼ ቋጠሮ በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል፤ የሚፈታው ገመዱ ሲላላ ብቻ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ወደ ኋላ ትመታለች፣ ወደ እኔ። ሰዉ ተስፋ ቆረጠች ብሎ ያፏጫል። እሷ ጎንበስ ብላ ትፈታለች፤ ዓሣዋን ታዞራለች። ማንም አይጠብቃትም፤ ማንቆርቆሪያው እንኳ ቀዩን ዞሮ እየተመለሰ ነው።

ብቻዋን ትደርሳለች። ትዞራለች። ያፏጨው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል።

“አንቺ! ተነሽ እንጂ፣ ዞረች እኮ!” ኪኑዬ ክንዴን ትጎትታለች።

“ጉልበቴን አሞኛል” እላታለሁ። ብነሳ ገመዱ ይታያል።