ከጎን ሲታይ

ገሊላ ኔትወርክ ፍለጋ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ወጥታ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች፣ የመርከበኛው ወንድሟ የኒቆዲሞስ ፊት ስልኳ ላይ ብቅ አለ። "ለፋሲካም አልመጣም፤ ኮንትራቴ ተራዘመ" አላት። ቶሎ ብሎም ካሜራውን አዞረና ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፍ ገዳይ ዓሣ ነባሪ አሳያት። ጥቁርና ነጭ ነው።

"ለሱ ደግሞ ዩኒፎርም ማን ሰፋለት?" አለች ቅሬታዋን ውጣ።

"ጥቁር ጀርባውን ከላይ ያየ ጥልቅ ባሕር ይመስለዋል፣ ነጭ ሆዱን ከታች ያየ ደግሞ የሰማይ ብርሃን። እንዲህ ተደብቆ ነው የሚያድነው።"

"ከጎንስ?"

"ከጎንማ ጥርት ብሎ ይታያል።"

"አንተን እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ከፊት ብቻ ነው የማይህ፣ ኒቆ። ጆሮህን ሁሉ ረስቼዋለሁ" አለችውና፣ ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።