አራተኛው መርፌ

የዓይን መርፌው የደከመ ዓይንን ይመልሳል፤ በምትኩ ግን ከሚያውቁት መልክ አንዱን ከልብ ያጠፋል። ባለቤቴ የሺእመቤት በሦስቱ መርፌዎች የጎረቤቶቻችንን መልክ ሰጥታለች። የቀረነው እኔና የሞተችው ልጃችን ትርሲት ነን።

ዛሬ ነርሷ "የማን ይሁን እማማ?" ስትላት ወደ እኔ ዞረች።

"እሷን ካጠፋኋት ከየት አመጣታለሁ? አንተ አለህ፤ እንደገና እለምድሃለሁ።"

"ልክ ነሽ" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቼ ዝም ብዬ ስገባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ኖር!" አለችኝ፣ እንደ እንግዳ።

"በእግዜር" አልኳት።

ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች። ቀርባ ፊቴን ብታየው ብታየው አላወቀችውም። ከዚያ የዳኑትን ዓይኖቿን ጨፍና ጉንጬን ዳበሰች።

"አሁን አንተን መሰልክ" አለችኝ።