ከማማው የምትጣራው ሴት

ጎረቤታችን ካፒቴን ሌናርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እንዳበረሩ በእንግሊዟ ሊንከን ከተማ የሚያውቅ አልነበረም። ሲጠየቁ «ሹፌር ነበርኩ» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ልባቸው በድንገት ቀጥ እስካለበት ቀን ድረስ፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ያበርሩ ነበር።

ሚስታቸው ዊኒፍሬድ ግን ዕድሜ ልካቸውን በቅናት ተቃጠሉ። ባልየው በእንቅልፍ ልባቸው «ኢኒድ፣ መጣሁልሽ» ይላሉ። ዊኒፍሬድ አጠያይቀው ደረሱበት። ኢኒድ በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ላይ ሆና አብራሪዎቹን በሬዲዮ እየመራች የምታሳርፍ ልጅ ነበረች፤ ማማው በቦምብ ሲመታ ሞታለች። ሄደው መቃብሯን ቢያዩም ቅናቱ አልበረደላቸውም።

«በሕይወት ኖራ ብታረጅ ይሻለኝ ነበር» ይሉኝ ነበር።

ካፒቴኑ በተቀበሩ በወሩ፣ ረዳት አብራሪያቸው የነበረው ኮሊን ዊኒፍሬድን ሊያጽናና መጣ። ሻይ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ።

«አውሮፕላኑን ልናሳርፍ ስንል» አለ ኮሊን፣ «አንዲት ሴት በሬዲዮ ‹ሌን፣ ቀስ ብለህ ውረድ› ትላቸዋለች። ማማውን ስንጠይቅ እዚህ ሴት የለችም ይሉናል። ካፒቴኑ ግን ‹ተዋት፣ ታውቀኛለች› ይሉ ነበር።»

ዊኒፍሬድ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እሱ ከሞተስ? ዝም አለች?»

ኮሊን ዓይኑን ከእሳቸው አሸሸ።

«ዝም የምትል መስሎኝ ነበር። ትላንት ሳርፍ ግን ሰማኋት። ካፒቴኑም አብረዋት አሉ፣ እሜቴ። ሲሳሳቁ ነበር።»