ለማሽኑ የዋሸሁት መስመር

ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወርዳል፤ አንዱን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይገፋዋል። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ግራፊክስ ካርዱ የራሱ ያልሆነ ሜሞሪ ሊነካ ሞክሯል።

«በቃ አጥፍተህ አስነሳዋ!» ይለኛል ጋሼ። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል አንጋፋ ስለሆነ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። «ማሽን ባስነጠሰው ቁጥር እንዲህ የምትገረጣ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። አሁን ግን ይኸው ካርድ ለቀዶ ጥገና ክፍል የአንድ ሰው አንጎል ምስል እየሳለ ነው። ዶክተሯ ቢላ ይዛ የምትመራው በዚያ ምስል ነው።

ወይኔ!  ካርዱ ለምን እንዲህ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ትናንት ካርዱን ለዶክተሯ ቨርቹዋል ማሽን፣ በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ለብቻዋ ለተከፈለላት ማሽን፣ ልሰጥ ስል ሲስተሙ እምቢ አለኝ። ካርዱና የዲስክ መቆጣጠሪያው አንድ ቡድን ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሊነካ ይችላል፣ ነጥዬ አልሰጥም አለ። ቸኩዬ ስለነበር አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ተለያይተዋል። ማሽን ምን ያውቃል፣ አመነኝ። አሁን ካርዱ ከሳተ ዲስኩ ላይ ያሉትን የታካሚውን ምስሎች የሚያዘበራርቅበት መንገድ ክፍት ነው።

ለቀዶ ጥገና ክፍሉ ልደውል ስልኩን አነሳለሁ። ጋሼ እጄን ለቀም ያደርጋል።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ! ዶክተሯ ካላማረረች አንተ ምን ቤት ነህ? ቀዶ ጥገና አቋርጠህ ልትባረር እኮ ነው!»

እየያዘኝም ቢሆን እደውላለሁ።

«ዶክተር፣ ምስሉ እንዴት ነው?»

«ጥርት ብሏል። ምነው?»

የሚያስፈራው ይሄው ነው። ቢጠቁር ወይም ቢቆራረጥ እሷም ትጠራጠር ነበር።

«አይመኑት። ትናንት እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እባክዎ ያቁሙ።»

 አንድ ብረት ትሪ ላይ ሲቀመጥ በስልኩ ይሰማኛል። ትጮህብኛለች ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

«ትክክለኛውን ምስል ከመጠባበቂያው ቅጂ ለማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?»

«ሃያ።»

«ጭንቅላቱ ተከፍቷል። አስር አለህ።»

ጋሼ እጄን ይለቃል። ወንበሩን አስጠግቶ ሁለተኛውን ኪቦርድ ወደ ራሱ ይስባል።