ካፖርቱን የለበሰችው ሴት

«እንዳትከፍቺ!» አሉ ሚስተር ካርሚኔ ከሶፋቸው ላይ፤ አፀደ ግን በሩን ከፍታ ጨርሳለች።

ደጃፉ ላይ የቆመችው ሉቺያ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ የሲልቨር ስፕሪንግ ጣሊያኖች የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኛ። በዚያ ሳምንት አገራቸው ጣሊያን ውስጥ መሬት ተንቀጥቅጦ ሰው ሜዳ ላይ ወድቋል። እሷም ቤት ለቤት እየዞረች ብርድ ልብስና ካፖርት ትሰበስባለች።

«ለዛሬ እንኳን እሺ ይበሉኝ» አለች። «ሰው ብርድ ላይ ነው ያለው።»

«ለኮሚቴ አንዲት ካልሲ አልሰጥም!» አሉ ሽማግሌው። ሃያ ሁለት ዓመት የሜሪላንድን ተማሪዎች በቢጫ አውቶቡስ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸውና ድምፃቸው ዛሬም እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል። «የእኛ መንደር የፈረሰ ጊዜ ከዚህ በኮሚቴ በኩል ብርድ ልብስ ጭነን ላክን። እህቴ የኔን የት አገኘችው? ገበያ ላይ ሲሸጥ! ጥጉ ላይ በቀይ ክር የሰፋሁትን ስሜን አይታ ነው ያወቀችው።»

ሉቺያ ይህን ታሪክ አሥር ጊዜ ሰምታዋለች። አፀደማ መቶ ጊዜ፤ እሳቸውን መንከባከብ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው።

«እኔ የምሰጠው ለማምነው ሰው ነው» ብለው ጣታቸውን ወደ አፀደ ቀሰሩ። «የሚስቴን ካፖርት ለዚህች ሰጠኋት፤ አገሯ ላከችው። አንዲት ደሃ ለብሳዋለች። ኮሚቴ የለ፣ ማኅተም የለ! አፀደ፣ ፎቶውን አሳያት። መነጽሬንም አምጪልኝ፣ እኔም በደንብ ልየው።»

አፀደ ክው አለች። ጠዋት ፎቶውን ስትሰጣቸው ያለ መነጽር አይተው፣ ስመው ነበር ያስቀመጡት። በዚያው የሚያልፍላት መስሏት ነበር።

ካፖርቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ከልቧ ልትልከው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በሰማች ቁጥር ደወለች። ተሻገር «ኪሎዬ ሞልቷል፣ ሶሪ» አላት። ሩሃማ ደግሞ «ለገዛ እናቴ ጫማ የማስገባበት አጥቼ የፈረንጅ ካፖርት ልሸከም? ቀልደኛ ነሽ!» አለቻት። ያ ወፍራም ሱፍ ደግሞ የበግ ያህል ይከብዳል፤ ማን ይፈርድባቸዋል። ጥር ላይ አንድ ማለዳ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ፤ በነጋታው ከፌስታሉ አውጥታ ደረበችው። ለዛሬ ብቻ ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ትለብሰዋለች፤ እዚህ ቤት ልትደርስ ስትል እያወለቀች ፌስታሉ ውስጥ ትከተዋለች።

እሳቸው ግን በየቀኑ «ፎቶ ላኩልሽ?» ይሏታል። ከሚስታቸው ቀብር በኋላ የሟቿን ቁም ሳጥን ቁልፍ ያስረከቡት ለእሷ ነው፤ ለልጃቸው እንኳን አልሰጡም። እንዲህ ላመናት ሰው እውነቱን መንገር ሞት ሆነባት። በመጨረሻ ጓደኛዋን ስመኝን ካፖርቱን አለበሰቻት፤ ነጠላ አከናነበቻትና ሳሎኗ ውስጥ አቆመቻት።

«አትሳቂ እንጂ፣ ደሃ ነሽ እኮ!»

«ደሃ አይስቅም ያለሽ ማነው? ባክሽ ቶሎ አንሺኝ፣ ሥራ ሊረፍድብኝ ነው!»

እየተሳሳቁ ነበር ያነሳቻት። አፀደ ቴሌቪዥኑን በሻሽ ሸፍናለች፤ የግድግዳውንም ካሌንደር አውርዳለች፤ መጋረጃውንም ዘግታለች። ብልጠቷ ለራሷም ገርሟት ነበር።

አሁን ያንኑ ፎቶ ለሉቺያ፣ መነጽሩን ለእሳቸው ሰጠች። ምን ታድርግ።

«ደስ የምትል ሴት ናት» አለች ሉቺያ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኛም እንዲህ ብናሳይዎ ይሰጡን ነበር፣ አይደል?» ፎቶውን አቀበለቻቸው።

ሚስተር ካርሚኔ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። አውራ ጣታቸው የካፖርቱን አንገትጌ፣ የካፖርቱን አዝራሮች አንድ በአንድ ዳበሰ። ፊታቸው በርቷል። ከዚያ ጣታቸው ወደ ስመኝ ትከሻ፣ ከትከሻዋም አልፎ ከኋላዋ ወደሚታየው መስኮት ሄደና እዚያ ቆመ።

አፀደም ያኔ አየችው። በመጋረጃው ክፍተት፣ በረዶ የሸፈነው መንገድ ላይ፣ ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ ቆሟል። ቀይዋ የማቆሚያ ምልክት ከጎኑ ተዘርግታለች።

ሉቺያ ሁለቱን ተራ በተራ አየች፤ ምንም አልገባትም።

«ደርሷል፣ አይደል?» አለች ሽማግሌውን።

«ደርሷል» አሉ። ፎቶውን በፊቱ ጭናቸው ላይ ደፉት። «አሁን ሂጂ፣ ልጄ።»

በሩ ከሉቺያ ኋላ ተዘጋ።

«ካፖርቱ የት ነው?»

«ቤቴ ነው» አለች አፀደ። «በርዶኝ... እኔ ለበስኩት።» ከአፏ ሲወጣ እንዲህ አጭር መሆኑ አንገበገባት። ከጥር ጀምሮ ያነቃት ይኸው ነበር?



«በርዶኛል ብትዪኝ እሰጥሽ ነበር» አሉ ሚስተር ካርሚኔ። ድምፃቸው ከጎናቸው ለተቀመጠ እንኳን በጭንቅ ነው የሚሰማው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «የቁም ሳጥኑን ቁልፍ።»

ቁልፉ ከራሷ ቤት ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ነው ያለው። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ጥፍሯ እስኪሰበር ታገለችው። እሳቸው ሊያዩዋት አልፈለጉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ።